168 ፈረስ በ35 ማይል መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ የአበሻ ግሮሰሪ ፊት ለፊት ቆመናል። ጓደኛዬ ለዓመታት ትልቅ መኪና እየነዳ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን ዱካቲ ዲያቬል ቪ4 የሚባል የጣሊያን ሞተር ሳይክል ለአንድ ቀን ሊያውሰኝ ነው። እንጀራ ገዝተው የሚወጡ አንድ ጋሼ አዩትና ቆሙ። ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ አንዴ ዞሩት። ከዚያ ሞተር ሳይክል ያየ አበሻ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ስንት ይሄዳል?»

«ኧረ ብዙ ነው ጋሼ» አለ ጓደኛዬ እየሳቀ።

«እሺ። የት ነው የምትነዳው ታዲያ?»

ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ግን ሄልሜቴ ውስጥ ሲመላለስ የዋለው ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ዲያቬል ቪ4 168 የፈረስ ጉልበት አለው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቶዮታ ኮሮላ 169 ነው። አዎ፣ ያው የምናውቃት ኮሮላ። አምስት ሰውና ሻንጣ የምታጓጉዘው መኪና ያላትን ጉልበት፣ ይኼኛው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በማይሞላ ክብደት ላይ ጭኖታል። ሕጉ ደግሞ አይቀልድም። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም የሚጠብቀው። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። 85 ማይል 137 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል 137 ገና ማሟሟቂያ ነው።

እና ምን ይሠራል ታዲያ ይሄ ሁሉ ፈረስ?

መጀመሪያ ግን ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ሞተር ሳይክሉንም «ሞተር» ነው የምንለው፣ ውስጡ ያለውንም «ሞተር»። እዚህ ላይ እንዳንደናገር ሞተር ስል ውስጡ ያለውን ማለቴ ነው። ቀሪውን ቃል ጣሊያኖቹ ራሳቸው ጥለውልን ሄደዋል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፤ ሁሉም ከነሱ የመጡ ናቸው። የዱካቲ አገር ቦሎኛ ያለ መካኒክና ተክለ ሃይማኖት ያለ መካኒክ ስለ ዲያቬል ቢያወሩ ግማሹን ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ሰንሰለቱ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው የሚጣሉት። ጣሊያንኛው «ካቴና» ነው። እኛ ጋ ካቴና የሚገባው እጅ ላይ ነው።

ስሙም ቢሆን ዘመድ አለው። «ዲያቬል» በቦሎኛ ዘዬ ሰይጣን ማለት ነው። የጣሊያኑም ቃል፣ የኛም «ዲያብሎስ»፣ ሁለቱም ከአንድ የግሪክ ቃል ነው የወጡት። እናቴ ብትሰማ ግቢ አታስገባውም። የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። ዱካቲ በ1926 ቦሎኛ ውስጥ የተቋቋመው የሬዲዮ ዕቃ ሊሠራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ወደ ሁለት ጎማ የገባው ብስክሌት ላይ በምትገጠም 48 ሲሲ ትንሽ ሞተር ነው። ስሟ «ኩቾሎ» ነበር። ቡችላ ማለት ነው። ከቡችላ ተነስተው ዲያብሎስ ላይ ደረሱ።

አሁን ወደ ዕቃው። ክሩዘር የሚባለው ሞተር ሳይክል የአሜሪካ ልጅ ነው። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ኮርቻው ሰፊ፣ እግር ወደ ፊት የሚዘረጋበት። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ዘና ብሎ ለመሄድ የተሠራ። ስፖርት የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ነው። አጭር፣ ከፍ ያለ፣ ነጂው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክብደቱን በእጁ አንጓ ላይ የሚጥልበት። ስፖርት ክሩዘር ሁለቱን ለማጋባት የሚሞክር ነው። ብዙ ሰው ይህን ጋብቻ አያምንበትም ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። «መልኩ የጉልቤ፣ ኩርባ ላይ ግን የጋሪ» ብዬ ነበር የማስበው።

ታሪኩም ለጥርጣሬ ይመቻል። ያማሃ በ1985 ቪ-ማክስን አወጣ። 1198 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 145 ፈረስ አካባቢ። በዚያ ዘመን ይህ ጉድ ነበር። ሞተሩ ከፍ ወዳለ ዙር ሲደርስ ቪ-ቡስት የሚባል መሣሪያ ይከፈትና እያንዳንዱ ሲሊንደር ከአንድ ይልቅ በሁለት ካርቡሬተር ይጠጣል። መብራት ላይ ተነስቶ የሚቀድመው ማንም አልነበረም። ችግሩ ሻንሲው ነው። ሞተሩን ሊሸከም እንጂ ሊያዝዘው አልቻለም። ኩርባ ላይ የሚያሳየው መወላገድ እስከ ዛሬ ይወራል። ቀጥሎ ሃርሊ ዴቪድሰን በ2001 ቪ-ሮድን ይዞ መጣ። ሞተሩ ከፖርሽ ጋር የተሠራ ነው፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ። የሃርሊ ደንበኛ ግን «ይሄማ ሃርሊ አይደለም» ብሎ ፊቱን አዞረ። በ2004 ደግሞ የእንግሊዙ ትሪያምፍ 2294 ሲሲ ሞተር ያለውን ሮኬት አመጣ። የዛሬው ሮኬት 3 ጭራሽ 2458 ሲሲ ነው። ለገበያ ከሚመረት ሞተር ሳይክል ሁሉ ትልቁ ሞተር የሱ ነው። የአንዳንድ ፒክአፕ ሞተር አያክለውም።

ዱካቲ ራሱም በዚህ መንገድ አንዴ ወድቋል። በ1980ዎቹ ኢንዲያና የሚል ክሩዘር ሠርቶ ነበር። ስሙን ያስታወሰ እንኳ የለም። ስለዚህ በ2010 ሚላን ኤግዚቢሽን ላይ የመጀመሪያውን ዲያቬል ሲያሳይ የውድድር ሞተር ሳይክል ወዳጆቹ ተናደዱ። ዱካቲና ክሩዘር? ሰደቡት። ከዚያ ሄደው ነዱት። ከዚያ ዝም አሉ።

እኔም ዝም ያልኩበትን ልንገራችሁ።

ቁልፉ ኪስ ውስጥ ነው የሚቆየው፣ የትም አይሰካም። ኮርቻው ከመሬት 79 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት እግሬ መሬት ላይ በደንብ አረፈ። ያለ ነዳጅ 223 ኪሎ ነው፤ 20 ሊትር ነዳጅ ሲጨመርበት አስቡት። ግን ክብደቱ ታች ስለተቀመጠ ቆሞ ሲያዘነብል አያስደነግጥም። እግር የሚያርፈው እንደ ክሩዘር ወደ ፊት ተዘርግቶ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ከጉልበት ሥር ነው። ይቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ሰው እግሩን ከሥሩ ካደረገ መነሳት ይችላል፣ ክብደቱን ማዛወር ይችላል። እግሩን ከዘረጋ ሶፋ ላይ ነው። ዱካቲ ሶፋ ለሚፈልገው ኤክስዲያቬል የሚባል ሌላ ወንድም አለው።

አስነሳሁት። ድምፁ ወፍራም ነው፣ የተቆራረጠ። አራት ሲሊንደር ነው ብዬ አላምንም ነበር። ምክንያቱ አለው። አራቱ ሲሊንደሮች በእኩል ርቀት አይደለም የሚተኩሱት። ሁለቱ ተከታትለው፣ ከዚያ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌሎቹ ሁለት ተከታትለው። ስለዚህ ጆሮ እንደ ድሮው ባለ ሁለት ሲሊንደር ዱካቲ ነው የሚሰማው። ይህ ድምፅ ለማሳመር ብቻ አይደለም። የኋላ ጎማ በሁለት ምት መሃል ትንፋሽ ሲያገኝ መሬቱን መልሶ ይይዛል። የውድድር ሰዎች በልምድ ያገኙት ጥበብ ነው።

ከዚያ ትራፊክ። በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ለመውጣት መጀመሪያ ከተማውን ማለፍ አለ። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለሁ ድምፁ ድንገት ተለወጠ። ሳሳ። ጠፋ እንዴ ብዬ አየሁ። አልጠፋም። ሞተሩ ሲሞቅና ሲቆም የኋላ ሁለቱን ሲሊንደሮች ራሱ ያጠፋቸዋል። የኋላዎቹ የተቀመጡት በነጂው ጭን መካከል ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር የድሮ ችግር ሙቀት ነው፤ በበጋ የቆመ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። የሚበላውን ነዳጅም ይቀንሳል። ከተማ የሚባለውን አነዳድ ከመረጡ ደግሞ ጉልበቱ ወደ 115 ፈረስ ይወርዳል። በገዛ ፈቃዱ ትንሽ ይሆናል ማለት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን፣ ነዳጅ ሲሰጡት፣ ሁለቱ የተኙት ይነቃሉ። ነጂው አያውቀውም። የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው።

አውራ ጎዳናው መግቢያ ላይ ደረስኩ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ባዶ መግቢያ። ስፖርት የሚለውን መረጥኩ። ሰጠሁት።

ጋሼን ያሰብኳቸው ያኔ ነው።

ስፖርት ሞተር ሳይክል ነድቼ አውቃለሁ። ከቆመበት ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት ፊቱ ይነሳል። እውነቱን ለመናገር ጉልበቱን የሚወስነው ሞተሩ ሳይሆን ያ የፊት ጎማ ነው። ኮምፒውተሩ ወይም ነጂው ነዳጁን ይቀንሳል፣ ካልሆነ ወደ ኋላ መገልበጥ ነው። የዲያቬል ፊት ግን መሬት ላይ ነው። የሚገፋኝ ነገር ከኋላ ሳይሆን ከወገቤ በታች ነው የመጣው። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መጨበጥ የለም፤ በእግር መንካት ብቻ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ለመቁጠር ጊዜ አልነበረም። አውራ ጎዳናው ላይ ስገባ ከሌላው መኪና እኩል ነበርኩ። በሕጋዊ ፍጥነት። እጄ ይንቀጠቀጣል። እየሳቅኩ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

የመጠጥ ቤት ባንኮኒ ፊት የሚቆመውን ረጅም ወንበር አስቡ። አጠገቡ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለውን ረጅም አግዳሚ ወንበር። የሁለቱንም እግር ከሥር ይዛችሁ በድንገት ወደ ፊት ሳቡት። የባንኮኒው ወንበር ወደ ኋላ ይገለበጣል። አግዳሚው ይንሸራተታል እንጂ አይገለበጥም። ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ነው። ሞተሩ የሚገፋው ታች፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ነው። ክብደቱ ያለው ግን ከላይ ነው። ክብደቱ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ሁለቱ ጎማዎች በተቀራረቡ ቁጥር፣ ፊቱ ቶሎ ይነሳል። የዱካቲ የራሱ የውድድር ልጅ ፓኒጋሌ ቪ4 በ2018 ሲወጣ የሁለት ጎማዎቹ ርቀት 1469 ሚሊ ሜትር ነበር። የዲያቬል ቪ4 1593 ነው። ልዩነቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ነገር ግን ከዝቅታው ጋር ተደምሮ አንደኛው የባንኮኒ ወንበር፣ ሌላኛው አግዳሚ ይሆናል።

ስለዚህ ያ የሰነፍ መልክ፣ ረጅምና ዝቅ ያለው፣ የሶፋ ዘመድ የሚመስለው፣ ከቆሙበት ለመነሳት ከውድድር ሞተር ሳይክል የተሻለ ቅርጽ ነው። ከዜሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በ3 ሰከንድ ገደማ የሚደርሰው በጉልበቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ፓኒጋሌ ከ200 በላይ ፈረስ አለው። ዲያቬል ያለውን መሬት ላይ ማዋል ይችላል። ያ ነው ነገሩ።

ፍሬኑም ያው ነው። ሲይዙ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። አጭርና ከፍ ያለ ሞተር ሳይክል ኋላው ይነሳል። ዝቅ ያለው አይነሳም፤ ጎማው መያዝ እስከቻለ ድረስ ይቆማል። ፊት ላይ ሁለት ባለ 330 ሚሊ ሜትር ዲስክ አለ። የሚይዛቸው የብሬምቦ ፍሬን በ2018ቱ ፓኒጋሌ ላይ የነበረው ዓይነት ነው። አንድ አጋዘን ከጫካ ብቅ ብሎ አይቶኝ ተመለሰ። ሁለት ጣት በቂ ነበር።

ሞተሩ ውስጥም አንድ ብልሃት አለ። ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የፒስተኖቹን ምት ወደ ሽክርክሪት የሚቀይረው ዘንግ፣ ከጎማዎቹ በተቃራኒ ነው የሚሽከረከረው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ከጎማው ጋር በአንድ አቅጣጫ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር ማዘንበል አይወድም፤ ልጆች እንሾሪት ሲያሽከረክሩ እንዳየነው ቀጥ ብሎ መቆም ነው የሚፈልገው። ሁለት ጎማና ክራንክ ሻፍት አብረው ሲሽከረከሩ ግትርነቱ ይደመራል። ክራንክ ሻፍቱ በተቃራኒ ሲሄድ ከፊሉን ያጠፋዋል። በተጨማሪ ነዳጅ ሲሰጡት ፊቱን ወደ ታች ይጫነዋል። ሐሳቡ ሞቶ ጂፒ ከሚባለው የሞተር ሳይክል ውድድር የመጣ ነው። የሚገርመው እዚያ በ350 ኪሎ ሜትር ለሚነዱ የተፈለሰፈው ነገር እዚህ ገላጣ ጭንቅላት ያለውን አበሻ ከመገልበጥ ያድነዋል።

ከፍሮንት ሮያል ወደ ስካይላይን ድራይቭ ገባሁ። የማታውቁት ካላችሁ፣ ብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው፤ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። ኩርባ በኩርባ ነው። ቆሞ ሸለቆውን ማያ ወደ 70 የሚጠጋ ቦታ አለው። የፍጥነት ገደቡ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ማይል ነው። 56 ኪሎ ሜትር። ድብም አጋዘንም ያቋርጣልና ገደቡ ትክክል ነው።

168 ፈረስ፣ 35 ማይል። ጋሼ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

የፈራሁት ግን ፍጥነቱን ሳይሆን የኋላ ጎማውን ነበር። ስፋቱ 240 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ኮሮላዎች ላይ ያለው ጎማ 205 ነው። መኪና አይጋደልም፤ ሞተር ሳይክል ግን የሚዞረው በመጋደል ነው። ስስ ጎማ ሲጋደል መሬት የሚነካው ክፍል ከመሃሉ ብዙ አይርቅም። ወፍራም ጎማ ሲጋደል ግን የሚነካው ክፍል ወደ ጎን ይሸሻል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ አንድ ዓይነት ኩርባ ለመዞር፣ ወፍራም ጎማ ያለው የበለጠ መጋደል ይኖርበታል። ከተጋደለም በኋላ ቀና ቀና ማለት ይፈልጋል። በርሜል ለማዞር እንደመሞከር ነው። ወፍራም ጎማ ያላቸው ብዙ ክሩዘሮች ኩርባ ላይ የሚግደረደሩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን አደረጉት? ለመልክ። ሌላ ምክንያት ብትፈልጉ አታገኙም። 190 ቢያደርጉት ኖሮ ይበልጥ ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን ይህ ጎማ ባይኖር ጋሼም አይቆሙም ነበር። የኋላው ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ነው የተያዘው፤ ከቀኝ በኩል ሲያዩት መላው ቸርኬው ራቁቱን ነው። አራቱ የማርሚታ አፎች ወደ ላይ ቀና ብለዋል። ሠሪዎቹ መልኩን አስቀድመው ወስነው ነው ፊዚክሱን «አንተ ተስማማ» ያሉት። ፒሬሊ ለመጀመሪያው ዲያቬል ይህን ልክ ለብቻው ሠራ። ጎኑን ከፍ፣ ጀርባውን ክብ አደረገው፤ እንደ ሌሎቹ ወፍራም ጎማዎች ጠፍጣፋ አይደለም።

ሠርቷል? አብዛኛውን። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መሪውን ትንሽ መግፋት ነበረብኝ። ከለመድኩት ሞተር ሳይክል በላይ። እግዜር ይመስገን መሪው ሰፊ ነው። አምስተኛው ኩርባ ላይ ረሳሁት። አሥረኛው ላይ ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ሁሌም አለ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ቶሎ መገልበጥ ላይ ቅንጣት ያህል ይዘገያል። እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ይነሳል፣ ግን መጀመሪያ ጉልበቱን ይይዛል። ዱካቲ እስከ 41 ዲግሪ ይጋደላል ይላል። ከዚያ በላይ የእግር ማረፊያው መሬት ይነካል። ለክሩዘር ትልቅ ቁጥር ነው። በ35 ማይል ግን ግማሹንም አይፈልጉትም።

32ኛው ማይል ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ። አለት ተፈልፍሎ የተሠራ። ማንም ሞተር ሳይክል ነጂ እዚያ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። እኔም ቀነስኩ። በሕግ ገደብ ውስጥ ሆኜ እንዲህ ጮክ ብዬ አላውቅም።

ከስካይላይን ወርጄ በ211 መንገድ ወደ ስፔሪቪል ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ከኩርባ እየወጡ ነዳጅ መስጠት፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ኩርባ። እያንዳንዱ ደስታ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ስፖርት ሞተር ሳይክል እዚህ ታስሮ የሚጨነቅ እንስሳ ነው። ሞተሩ መተንፈስ የሚጀምረው መንጃ ፈቃድ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ዲያቬል ግን ያለውን አብዛኛውን ነገር ታች ነው ያስቀመጠው። ከዜሮ እስከ ሕጋዊው ፍጥነት ባለው መሃል። የጋሼ መልስ ይሄ ነበር መሰለኝ። የትም ሩቅ አይነዳም። ከዚህ እስከዚያ መብራት ድረስ ነው የሚነዳው።

ይህ ከሆነ ግን አንድ የማይመች ጥያቄ ይነሳል። የመጀመሪያው ሦስት ሰከንድ ብቻ ከተፈለገ ቤንዚን ለምን? የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል። ሃርሊ በ2019 ላይቭ ዋየር የሚባል የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አውጥቶ 60 ማይል በ3 ሰከንድ ይደርሳል ብሎ ነበር። ፈረሱ ደግሞ 105 ብቻ። በወረቀት ላይ ጨዋታው ያለቀ ይመስላል። ገዢ ግን እንደታሰበው አልመጣም። ዋጋው 30 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑ አንድ ነው፤ ርቀቱ ሁለት ነው። ሦስተኛው ግን ያ ዋሻ ነው ባይ ነኝ። ሰው ለሦስት ሰከንዱ ብቻ አይከፍልም። ለድምፁም፣ ማርሽ ሲነኩ ለሚሰማው ምት፣ ቀይ መብራት ላይ ግማሹ ሲተኛ ለሚሰማው ለውጥም ጭምር ነው።

ለድምፅ መክፈል ደግሞ እየከበደ ነው። የአውሮፓ የጭስ ሕግ በ2017 ጠበቀ፣ በ2021 እንደገና ጠበቀ። ቪ-ሮድ በ2017 ቆመ። ቪ-ማክስ በ2020 አካባቢ ተከተለው። አሮጌ ሞተርን ለአዲስ ሕግ ማደስ ብዙ ገንዘብ ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ጥቂት ነው። ዲያቬል የተረፈው ሞተሩ የሱ ብቻ ስላልሆነ ነው እላለሁ። ይኸው 1158 ሲሲ ሞተር መጀመሪያ የተሠራው ሙልቲስትራዳ ለሚባለው የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ነው። ወጪውን ሁለቱ ይካፈሉታል። ዱካቲ ለዚሁ ሞተር ሲል ከ1968 ጀምሮ የመንገድ ሞተር ሳይክሎቹ ላይ መለያው ያደረገውን ዴስሞ የሚባል የቫልቭ አሠራር እንኳ ትቷል። እንደማንኛውም ሞተር ስፕሪንግ ነው ያለው። ወዳጆቹ አለቀሱ። ግን ቫልቩን መፈተሽ የሚያስፈልገው በ60,000 ኪሎ ሜትር አንዴ ነው። ጓደኛዬ ትልቅ መኪና ነጂ ስለሆነ ከ168ቱ ፈረስ ይልቅ ያስደሰተው ይሄ ቁጥር ነው። አንድ ቀን ለሚስቱ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። አላሳመናትም። ከኋላ ያለችው መቀመጫ የመዳፍ ያህል ናት፤ እሷም ይህን አይታለች።

ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ከ26 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ብዙ ኤሌክትሮኒክስም አብሮ አለ። ጎማው ሲንሸራተት የሚይዝ፣ ፊቱ ሲነሳ የሚያወርድ፣ ኩርባ ላይ ተጋድሎ ፍሬን ቢያዝ እንኳ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ኤቢኤስ። ውስጡ ያለች ትንሽ መሣሪያ ሞተር ሳይክሉ ምን ያህል እንደተጋደለ በየቅጽበቱ ትለካለች። እነዚህ ባይኖሩ 168 ፈረስ ለማንም አላውስም። ሲኖሩ ደግሞ ሰው ከአቅሙ በላይ የነዳ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ማምሻውን አሌክሳንድሪያ ተመለስኩ። ግሮሰሪው ሊዘጋ ነው። ጓደኛዬ እንደ ደረሰ ፊቴን ሳይሆን የኋላ ጎማውን ነው ያየው። ቁጭ ብሎ በስልኩ መብራት መረመረው። ጎማው መሃሉ ላይ በልቷል፣ ለጥ ብሏል፤ ጠፍጣፋ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በሁለቱ ጠርዝ ላይ ግን የሁለት ጣት ስፋት ያህል አዲስ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች እንኳ አልረገፉም።

«ተራራ ወጥተህ መጣሁ አላልክም?» አለኝ።

«ወጥቻለሁ።»

በጣቱ አንዱን ፀጉር ነካ አደረገ። ቆመ። ሄልሜቱን አጠለቀና ሄደ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው መብራት ቀይ ነበር። ሁለቱ ሲሊንደሮች ሲተኙ ከዚህ ድረስ ሰማሁ።